አብርሃም ሊንከንና የስንብቱ ደብዳቤ

መሐንዲስ በትምህርት ቤት ሳለ የምሰሶን ጭነት፣ የድልድይን ስፋት፣ የአፈርን ጥንካሬ ማስላት ይማራል። አንድን ሰው ከፊቱ አስቀምጦ ሥራህ ከዛሬ ጀምሮ አብቅቷል ብሎ መንገርን ግን አይማርም። ይሁን እንጂ ተመርቆ በወጣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አንድ የሥራ ክፍል ወይም አንድ የግንባታ ጣቢያ በኃላፊነት ሲሰጠው፣ ከማናቸውም ስሌት ይልቅ እንቅልፍ የሚነሣው ይህ ተግባር ሆኖ ያገኘዋል። በተለይም የሚሰናበተው ሰው ቁጡና በባልደረቦቹ ዘንድ ተሰሚ ሲሆን፣ ነገሩ ከአስተዳደር ጉዳይነት አልፎ የደኅንነት ጉዳይ ይሆናል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ይህን የተማረው በስሕተት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የመንገድ ሥራ ላይ ሳለ፣ ሥራውን ደጋግሞ በማጓደሉ ማሰናበት ግድ ለሆነ አንድ የግሬደር ኦፕሬተር፣ በደመወዝ ቀን፣ ሠራተኛው ሁሉ በተሰለፈበት፣ የስንብት ደብዳቤውን አውጥቶ ሰጠው። ሰውየው ደብዳቤውን ቀድዶ ድንጋይ አነሣ፤ ጥበቃዎችና በዕድሜ የገፉ ሠራተኞች መካከል ገብተው ባይገላግሉ ኖሮ የሰው ሕይወት በጠፋ ነበር። በማግስቱ ሽማግሌዎቹ እንዳስረዱት፣ ኦፕሬተሩ መሰናበቱንስ አስቀድሞ ይጠብቀው ነበር፤ ያልቻለው በጓደኞቹ ፊት መዋረዱን ነው።

ይህ ከሆነ በኋላ ጸሐፊው ሥልጣን ያለውን ሰው ያለ ጠብ መሻር የቻለ ማን እንደ ነበር ለማወቅ ታሪክ ሲያገላብጥ ደጋግሞ ያገኘው የ16ኛውን የዩናይትድ ስቴትስ ፕሬዚዳንት የአብርሃም ሊንከንን ስም ነው። ሊንከን አገሩን ከመከፈል በማዳኑና ለባርነት መሻር በመታገሉ በዓለም ሁሉ ይታወቃል። ከዚህ ዝናው በስተጀርባ ግን እምብዛም የማይወራለት ችሎታ ነበረው፤ ይኸውም በጦርነት መካከል ከመቶ ሺህ በላይ የታጠቀ ሠራዊት የሚያዝዙ ኩሩ ሹማምንትን ያለ ደም መሻር መቻሉ ነው። ከዚህ በታች የሚተረከው ሕይወቱ በዚህ በኩል የታየ ነው። ዘመናቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

አብርሃም ሊንከን ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1809 ኬንታኪ ውስጥ በአንዲት የግንድ ጎጆ ተወለደ። በሰባት ዓመቱ ቤተ ሰቡ ወደ ኢንዲያና ተሰደደ፤ በዘጠኝ ዓመቱ እናቱን በሞት አጣ። በትምህርት ቤት ያሳለፈው ጊዜ ተደምሮ አንድ ዓመት አይሞላም። ወደ ኢሊኖይ ከተሻገረ በኋላ ሱቅ ከፍቶ ከሰረ፤ ዕዳውንም ለብዙ ዓመታት ሲከፍል ኖረ። በ1833 የቀያሽ ረዳት ሆኖ ሲቀጠር ሙያውን ጨርሶ አያውቀውም ነበርና መጻሕፍት ተውሶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተማረው፤ ኮምፓስና ሰንሰለት ይዞም የሰዎችን ይዞታና አዳዲስ የከተማ ቦታዎችን መለካት ጀመረ። ለእኛ ለሙያው ሰዎች ከዚህ ይልቅ የሚገርመን በ1849 ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ የተቀረቀሩ ጀልባዎችን ለማንሣት ላሰበው መሣሪያ የፈጠራ መብት ማግኘቱ ነው። መሣሪያው በሥራ ላይ ባይውልም፣ ከአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች መካከል የፈጠራ መብት የተመዘገበለት እርሱ ብቻ ነው።

ሊንከን ጥብቅና የጀመረው በ1830ዎቹ አጋማሽ ነው። ከደንበኞቹ አንዱ ኢሊኖይ ሴንትራል የተባለው የምድር ባቡር ኩባንያ ነበር። በ1857 ኩባንያው ለአንድ ትልቅ ክርክር የጠየቀውን 5,000 ዶላር አልከፍልም ስላለው ከስሶ አስፈረደበት፤ ፍርዱን ካገኘ በኋላም ለዚያው ኩባንያ መሥራቱን ቀጠለ። በዚሁ ዓመት የኩባንያው ዋና መሐንዲስ ሆኖ የተሾመው ወጣት ጆርጅ ማክሌላን ይባላል። ሁለቱ ሰዎች የተዋወቁት በዚህ ዘመን ነው፤ ጠበቃው በወቅቱ የኩባንያው ቅጥረኛ፣ መሐንዲሱ ደግሞ ከታላላቅ ሹሞቹ አንዱ ነበር።

ስለ ሊንከን ጠባይ ሌላም የሚነገር ነገር አለ። በ1855 ስለ ማጨጃ መኪና የፈጠራ መብት በሲንሲናቲ በተደረገ ክርክር ከጠበቆቹ አንዱ ሆኖ ቢቀጠርም፣ ኤድዊን ስታንተን የተባለው ታዋቂ ጠበቃና ባልደረባው ከቁም ነገር ሳይቈጥሩት ቀሩ። ያዘጋጀውን ጽሑፍ ሳያዩለት፣ በማዕዳቸውም ሳያቀርቡት ክርክሩ አለቀ። ሊንከን ግን ወደ አገሩ አልተመለሰም፤ ከተመልካች ጋር ተቀምጦ የስታንተንን አከራከር እየሰማ ተማረበት። የመዋረድን ስሜት በራሱ ላይ ያየ ሰው በመሆኑ፣ ኋላ በሌሎች ላይ ሥልጣን ባገኘ ጊዜ ይህን ሳይረሳ ኖሯል።

ሊንከን በኖቬምበር 1860 ተመርጦ በማርች 1861 ሥልጣን ያዘ፤ በኤፕሪልም በሰሜንና በደቡብ መካከል የእርስ በርስ ጦርነት ተጀመረ። ጁላይ 21 ቀን የሰሜኑ ጦር በቡል ረን ተሸንፎ በተበተነ ጊዜ፣ የ34 ዓመቱ ማክሌላን ወደ ዋሽንግተን ተጠርቶ ሠራዊቱን ተረከበ። በዌስት ፖይንት ከክፍሉ ሁለተኛ ሆኖ የተመረቀው ይህ መሐንዲስ በማደራጀት ረገድ ተወዳዳሪ አልነበረውም። የተበተነውን ጦር በጥቂት ወራት ውስጥ ከመቶ ሺህ በላይ ወታደር ያለው የሠለጠነ ኃይል አደረገው፤ ወታደሩም ከልቡ ወደደው። በኖቬምበር የመላው ሠራዊት ጠቅላይ አዛዥ ሆነ። ነገር ግን ለማዋጋት አይቸኵልም፤ የጠላቱን ብዛት ከእውነተኛው እጅግ አብዝቶ ይገምታል፤ አለቆቹንም ይንቃል። ኖቬምበር 13 ቀን ማታ ፕሬዚዳንቱ ከውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩና ከጸሐፊው ጋር ቤቱ ድረስ ሄዶ ሲጠብቀው፣ ማክሌላን ከሰርግ ተመልሶ እንግዶች እንዳሉ እየተነገረው ወደ ፎቅ ወጥቶ ተኛ። ጸሐፊው በነገሩ ሲቈጣ ሊንከን ግን ይህ የራስን ክብር የሚያሰሉበት ጊዜ አለመሆኑን ነግሮ አረጋጋው።

ሊንከን ሹም የመሻርን ሥራ የተማረው በአንድ ቀን አይደለም። የመጀመሪያው ፈተና በምዕራብ ግንባር የነበረው ጄኔራል ጆን ፍሬሞንት ነው። ፍሬሞንት የምዕራብ አሜሪካን ምድር መርምሮና ካርታውን አንሥቶ የታወቀ፣ በ1856 ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደረ ስመ ጥር ሰው ነበር። በኦገስት 1861 ፕሬዚዳንቱን ሳያማክር አዋጅ አወጀ፤ ሊንከን በምሥጢር ደብዳቤ አሻሽለው ቢለውም እምቢ አለ። የሽረቱ ትእዛዝ ኦክቶበር 24 ቀን ሲጻፍ ለአድራሹ ለጄኔራል ከርቲስ አንድ ማሳሰቢያ ተሰጠው፤ ፍሬሞንት ውጊያ አሸንፎ ከሆነ፣ ወይም በውጊያ ላይ ያለ ወይም ሊገጥም የተዘጋጀ ከሆነ ደብዳቤው አይሰጠው የሚል ነው። ነገር ግን ወሬው አስቀድሞ ወጣ። ፍሬሞንትም መልእክተኛ እንዳይደርስበት ሰፈሩን በዘብ አጠረ። በመጨረሻ አንድ መኰንን የገበሬ ልብስ ለብሶ ገብቶ ደብዳቤውን ኖቬምበር 2 ቀን ሰጠው። ሽረቱ ተፈጸመ፤ ነገር ግን ስንብት ከመድረሱ በፊት ወሬው ከደረሰ ሰው ራሱን ለመከላከል ጊዜ እንደሚያገኝ ታየ።

ሁለተኛው የጦር ሚኒስትሩ ሳይመን ካሜሮን ነው። የመሥሪያ ቤቱ ግዥ ተዝረክርኮ ስለ ነበር በጃንዋሪ 1862 ሊንከን በአጭር ደብዳቤ አሰናበተው፤ የሩስያ አምባሳደርነትም ሰጠው። ካሜሮን ደብዳቤውን ሲያነብብ በድርቀቱ እጅግ አዘነ። ሊንከን ይህን በሰማ ጊዜ የመጀመሪያውን ደብዳቤ በሌላ ተካው፤ ሁለተኛው ካሜሮን ራሱ በጠየቀው መሠረት የሚለቅ የሚያስመስልና አገልግሎቱን የሚያከብር ነበር። ውሳኔው ግን በአንዲት ነጥብ አልተለወጠም። ጥቂት ወራት ቆይቶ የሕግ መምሪያው ምክር ቤት ካሜሮንን ሲወቅስ፣ ሊንከን ከወቀሳው ከፊሉ ለራሱም ለሌሎች ሹማምንትም እንደሚገባ በጽሑፍ አስታወቀ። ካሜሮን በቀረው ዘመኑ የሊንከን ደጋፊ ሆኖ ኖረ። በካሜሮን ቦታ የተሾመው ደግሞ በሲንሲናቲ ያን ያህል የናቀው ስታንተን ነው፤ ሊንከን ለሥራው የሚበጀውን ሰው ሲመርጥ የድሮ ቂሙን አልቈጠረም።

ሦስተኛው ግልጽ ስሕተት ነበር። ማርች 11 ቀን 1862 ሊንከን ማክሌላንን ከጠቅላይ አዛዥነት አንሥቶ በአንዱ ሠራዊት ላይ ብቻ እንዲወሰን አዘዘ። ነገሩን በቃል የሚያስረዳው ሰው ቢታሰብም፣ ከእርሱ በፊት ጋዜጣው ደረሰ። ማክሌላን በሜዳ ላይ ሳለ ሥልጣኑ መቀነሱን ከጋዜጣ አነበበ። በቃል ታዘዘ፤ በልቡ ግን መንግሥት ሊያጠፋኝ ይፈልጋል የሚለው ጥርጣሬ ከዚያ ወዲያ አልለቀቀውም። በጁን መጨረሻ በሪችመንድ አጠገብ በተገፋ ጊዜ ለጦር ሚኒስትሩ የላከው ቴሌግራም ሠራዊቱን ሆን ብላችሁ ለመሥዋዕትነት አቀረባችሁት የሚል ክስ ነበረበት፤ የቴሌግራፍ ኃላፊው ደንግጦ የመጨረሻዎቹን ዓረፍተ ነገሮች ቈርጦ ጣላቸው።

በኦገስት መጨረሻ የሰሜኑ ጦር ዳግመኛ በቡል ረን ሲሸነፍ፣ አብዛኞቹ ሚኒስትሮች ማክሌላን ይሻር ብለው ተነሡ። ሊንከን ግን ሴፕቴምበር 2 ቀን የዋሽንግተንን መከላከያ ለዚያው ሰው ሰጠ፤ የተሰበረን ሠራዊት የሚጠግን ከእርሱ የተሻለ እንደሌለ ያውቅ ነበርና። ሴፕቴምበር 17 ቀን በአንቲተም ከሁለቱም ወገን 23,000 ያህል ሰው ሞተ፣ ቈሰለ፣ ጠፋ፤ የደቡቡ ጦርም ወደ ቨርጂኒያ አፈገፈገ። ማክሌላን ግን ተከትሎ አልመታውም። በዚያው ሰሞን አንዳንድ መኰንኖች ዓላማቸው ጠላትን መደምሰስ እንዳልሆነ፣ አንዳንዶችም ጦሩን ወደ ዋሽንግተን ማዞር እንደሚገባ ያወሩ ጀመር። ሊንከን እንዲህ ያለ ነገር ተናግሯል የተባለውን ሻለቃ ጆን ኪን አስጠርቶ፣ ነገሩን የሰማውን ምስክር በፊቱ አቁሞ ራሱ ጠየቀው፤ ከዚያም ከሠራዊቱ አስወጣው። ብዙ ሳይቈይ የሻለቃው ልጅ በጦርነት ሞተ። ሊንከን ኀዘኑን በደብዳቤ ገለጠለት፤ ወደ ሥራው ግን አልመለሰውም።

ማክሌላንን ስለ መሻር ሊንከን ለራሱ መለኪያ አበጀ። የደቡቡ ጦር ወደ ሪችመንድ የሚወስደውን መንገድ ቀድሞ እንዲይዝ ከፈቀደለት ይሻራል፤ ካልፈቀደ ይቈያል። ይህ እንደ እኛ ሙያ የጭነት ገደብ ነው፤ በንዴት ጊዜ የሚለወጥ አይደለም። ሊንከንም ያለ ንዴት አልነበረም፤ ኦክቶበር 25 ቀን ስለ ደከሙ ፈረሶች ለቀረበለት ምክንያት ምፀት የተሞላ ቴሌግራም መልሷል፤ ሆኖም በሁለተኛው ቀን አጥፍቼ ከሆነ ይቅርታ የሚል መንፈስ ያለው ጽሑፍ አስከትሏል። በኖቬምበር መጀመሪያ የጠላት ጦር መንገዱን ቀድሞ ያዘ። ሊንከን ኖቬምበር 4 ቀን የሚደረገው የክፍላተ ሀገር ምርጫ እስኪያልፍ ጠበቀ፤ ትእዛዙም ኖቬምበር 5 ቀን ተጻፈ።

አሁን የቀረው ማድረሱ ነው፤ ስታንተንም ማክሌላን ሥልጣኑን አልለቅም ይል ይሆናል ብሎ ይሠጋ ነበር። ስለዚህ ደብዳቤው በቴሌግራም ወይም በተራ ፈረሰኛ አልተላከም። ከጦር ሚኒስቴር ብርጋዴር ጄኔራል ካታሪነስ ባኪንግሃም ተጠርቶ ሁለት ፖስታዎች ተሰጡት። አስቀድሞ ወደ ተተኪው ወደ ጄኔራል አምብሮዝ በርንሳይድ እንዲሄድ፣ እርሱ ሹመቱን ካልተቀበለ ለማክሌላን ምንም ሳይናገር እንዲመለስ ታዘዘ።

ባኪንግሃም ኖቬምበር 7 ቀን በበረዶ ውሽንፍር መካከል በርንሳይድን አገኘው። በርንሳይድ ለዚህ ሹመት አልበቃም አለ፤ ከዚያም በላይ ማክሌላን ወዳጁና ባለውለታው ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በከሰረ ጊዜ በባቡር ኩባንያው ሥራ የሰጠው ማክሌላን ነው። ባኪንግሃም ግን ማክሌላን በማናቸውም ሁኔታ እንደሚሻርና ሹመቱ ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ አስረዳው፤ በርንሳይድም ሳይወድ በግድ ተቀበለ። ሁለቱ አብረው በባቡር ሄደው ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ገደማ ሬክተርታውን ደረሱ። ማክሌላን በድንኳኑ ብቻውን ተቀምጦ ለሚስቱ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። እንግዶቹን በአክብሮት ተቀበላቸው። ጥቂት ከተጨዋወቱ በኋላ ፖስታው ተሰጠው፤ አንብቦም ፊቱን ሳያጠቁር የሠራዊቱን አዛዥነት ለበርንሳይድ ማስረከቡን ተናገረ።

ያች ሌሊት በሰላም ያለፈችው በአጋጣሚ አይደለም። ተተኪው በስፍራው ቆሞ ነበርና ባዶ የቀረ ሥልጣን አልነበረም። ተተኪው ወዳጅ ስለ ነበር የድል አድራጊ ፊት አላሳየም። ሰዓቱ ሌሊት፣ ስፍራው ድንኳን ነውና የተቈጣው ሰው ቍጣውን የሚያሳየው ተመልካች አልነበረውም። አድራሹ የማዕርግ ሰው ስለ ነበር መናቅ አልታየበትም። ትእዛዙም የስድብ ቃል የሌለበት፣ ማክሌላን ቀጥሎ ወደ ትሬንተን እንዲሄድ የሚነግር አጭር ጽሑፍ ነው። ጐደለበት የሚባለው ምክንያቱን አለመግለጡ ነው፤ ማክሌላንም ለምን እንደ ተሻረ በወረቀት ሳያገኝ ቀረ።

ማክሌላን ሥራውን በሥርዓት እንዲያስረክብና ሠራዊቱን እንዲሰናበት ጥቂት ቀናት አገኘ። ኖቬምበር 10 ቀን ወታደሩ ተሰልፎ እያለቀሰ ሸኘው። በማግስቱ ባቡር ሲሳፈር ወታደሮች ፉርጎውን ከባቡሩ ፈትተው አስቀሩት፤ ወደ ዋሽንግተን ምራን ያሉም ነበሩ። ማክሌላን ግን ለበርንሳይድ እንዲታዘዙ መክሮ አረጋጋቸውና ሄደ። በክብር የተሰናበተ ሰው፣ በተሰናበተ ማግስት የአሰናባቹን ጸጥታ ሲጠብቅ የታየበት ቀን ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሊንከን የማይሳሳት ሰው ነበር ማለት አይደለም። በርንሳይድ እንዳለውም ለሹመቱ አልበቃም፤ ዲሴምበር 13 ቀን በፍሬድሪክስበርግ ከ12,000 በላይ ሰው ጐዳበት። መሻርን ማወቅና መሾምን ማወቅ የተለያዩ ናቸው። በጃንዋሪ 1863 በርንሳይድም በተራው ተሻረ፤ ነገር ግን ከአገልግሎት አልተጣለም፤ በኦሃዮ በኩል ሌላ ኃላፊነት ተሰጠው። በጁን 1864 ደግሞ በየጊዜው እለቃለሁ እያለ የሚያስፈራራውን የገንዘብ ሚኒስትር ሳልመን ቼዝን የመልቀቂያ ጥያቄ ሊንከን ሳይታሰብ ተቀበለ፤ በዲሴምበር ግን ለችሎታው የሚገባውን የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዋና ዳኝነት ሰጠው።

በ1864 ምርጫ የሊንከን ተቀናቃኝ ሆኖ የቀረበው ማክሌላን ነው። የተሻረው ጄኔራል ቂሙን በጦር ሳይሆን በድምፅ መስጫ ሣጥን አቀረበ፤ ሊንከንም 212 ለ21 በሆነ የመራጮች ድምፅ አሸነፈ። ኤፕሪል 14 ቀን 1865 ሊንከን በቲያትር ቤት ሳለ በጥይት ተመታ፤ በማግስቱም ሞተ። በአልጋው አጠገብ ቆመው ካለቀሱት አንዱ ስታንተን ነው፤ ተተኪውን ፕሬዚዳንት ያስማለው ቼዝ ነው። ማክሌላን በኋላ የኒው ጀርሲ አገረ ገዥ ሆኖ አገለገለ፤ በ1885ም አረፈ።

ውድ የማኅበራችን አባላት፤ እኛ ሰው ሲሾም ሹመት ያዳብር ማለትን እናውቃለን፤ ለሚሻር ሰው ግን የተዘጋጀ ቃል እምብዛም የለንም። በአገራችን በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 የስንብት ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ምክንያቱንና የሚጸናበትን ቀን እንዲገልጥ፣ ለሠራተኛውም በእጁ እንዲሰጥ ያዝዛል። ሊንከን በዚያች ሌሊት ያጐደለውን ምክንያት ሕጋችን ሞልቶታል፤ ሕጉ ሊሞላው የማይችለው ግን ደብዳቤው የሚሰጥበትን ሰዓት፣ ስፍራና ፊት ነው። እነዚህ ለኃላፊው የተተዉ ናቸው። ቍጡ ሰው ሲሰናበት ብቻን አለመሆን፣ ጥበቃን ከዐይን ራቅ አድርጎ ማቆም፣ የማሽኑን ቍልፍ የሚረከበውን ሰው አስቀድሞ ማዘጋጀት፣ የሚገባውን ክፍያ አስልቶ መያዝ፣ ወደ ቤቱ የሚመለስበትን መኪና ማሰናዳት የፍርሃት ምልክት አይደሉም፤ ሁለቱንም ወገን ከጥፋት የሚያድኑ ናቸው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ያን ኦፕሬተር ዳግመኛ አላገኘውም። ስንብቱ ዛሬም ቢሆን ተገቢ እንደ ነበር ያምናል። ነገር ግን ደብዳቤውን በዚያ ሰልፍ ፊት ከማውጣት ይልቅ፣ ማታ ሠራተኛው ከተበተነ በኋላ፣ ከአንድ ሽማግሌ ፎርማን ጋር ወደ ቢሮ ጠርቶ ወንበር ሰጥቶት ቢሆን ኖሮ፣ ድንጋዩ ከመሬት ባልተነሣ ነበር።